አወዳደቄን አሳምረው

ባለፈው የበረዶ ወራት፣ እዚሁ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፣ ድፎ ዳቦ ታቅፌ ወደ ማኅበር ስሄድ ከመኪናዬ ሁለት እርምጃ ሳልርቅ ተንሸራተትኩ። ድፎው ተረፈ፤ የተቆረስኩት እኔ ነኝ።

እያነከስኩ ገብቼ ስቀመጥ፣ በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ምክሩ ወረደብኝ። አንዱ «ጫማህ ነው!» ይላል፤ ሌላው «እንደ ዳክዬ ነው እንጂ የሚኬደው!»። የማኅበሩ ሽማግሌ ጋሼማ «ሠላሳ ዓመት ስኖር አንድ ቀን ወድቄ አላውቅም» አሉ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጃቸው ጉሮሮውን ጠራረገ። እናቴ በስልክ ስትሰማ «አወዳደቅህን ያሳምረው እያልኩ የኖርኩት ለዚህ ነበር?» አለችኝ።

አልጋ ላይ ሳለሁ ልጄ ከቤተ መጻሕፍት አንድ መጽሐፍ አመጣችልኝ። «አባዬ፣ ይሄ ሰውዬም በረዶ ላይ ወዳቂ ነው።» የስኮት ሃሚልተን «ዘ ግሬት ኤይት» ነበር። ሰውዬው የኦሃዮ ልጅ ነው፤ በ1984 በሳራዬቮ ኦሊምፒክ በፊገር ስኬቲንግ ወርቅ አጥልቋል። ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ገጠመኙንና ስምንት ምክሮቹን አዋህዶ ይህን መጽሐፍ ጻፈ። እንዴት ደስተኛ መሆን እንደሚቻል ሊነግረኝ ነው።

«ደግሞ ሌላ መካሪ!» ብዬ ልወረውረው ስል ትዝ አለኝ፤ ለካ ይህ ሰው በስኬቲንግ ዘመኑ ስንት ጊዜ እንደወደቀ ያሰላ ነው። 41,600 ጊዜ! በቀን አሥር አሥር ጊዜ ቢወድቅ እንኳ ከአሥራ አንድ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ጋሼ ዜሮ፣ ሃሚልተን 41,600። ከሁለቱ ማን ስለ በረዶ ያውቃል?

ወርቁም ቢሆን በዝላይ የመጣ አይደለም። በሳራዬቮ አጭሩንም ረጅሙንም ፕሮግራም ያሸነፈው ካናዳዊው ብራያን ኦርሰር ነበር። ሃሚልተንን ያወጣው በጫማ ስለት ክብና ስምንት ቁጥር በረዶ ላይ እየደጋገሙ የመሣል ፈተና ነው፤ ተመልካች እያዛጋ የሚያየው፣ ከ1990 በኋላም ከውድድር የቀረው። ስምንቱን ምክሮቹንም እንደዚያው ስምንት ቁጥር ደጋግማችሁ ተለማመዷቸው ይላል። በ1997 ካንሰር፣ በ2004 ደግሞ የአንጎል ዕጢ ገጥሞት የተነሣ ሰው ስለ ደስታ ሲመክር፣ ዳሌው ያበጠ ሰው ዝም ብሎ ቢሰማ አይጎዳም።

በሚቀጥለው ማኅበር ጫማዬንም በረዶውንም ሳልከስ «ወደቅኩ፤ ደግሞም እወድቃለሁ» አልኩ። ምሳር ያነሣ ሰው ጠፋ። ጋሼ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣

«ዳሌህን ነው የመታህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ተመስገን በል፤ እኔን ወገቤን ነበር።»