ቁጭ በል አትበሉኝ

የኪንታሮት ኦፕራሲዮን አድርጎ ቤቱ የተኛ ሐበሻን ከቁስሉ በፊት የሚያስጨንቀው ሰው ሲጠይቀው የሚመልሰው ነገር ነው። «ትንሽ ኦፕራሲዮን ነበረችኝ» ይላል። «ምንህን?» ይሉታል። «ሆዴን።» ከዚያ ወዲያ ያለው ጣጣ ሁሉ ከዚችው «ሆዴን» ይመዘዛል። እኔም ሰሞኑን እዚህ ዳላስ አጠገብ ፕሌኖ ቤቴ ተኝቼ ያየሁት ይህንኑ ነው።

ሆዱን የታመመ ሰው ይጠየቃላ። ወዳጅ ዘመድ ከጋርላንድም ከሪቻርድሰንም ይመጣል፤ እግዜር ይስጣቸው፣ ባዶ እጃቸውን የሚመጡ አይደሉም። ዶሮ ወጥ ይይዛሉ፣ ክትፎ ከነሚጥሚጣው ይይዛሉ። እነሱ ሶፋው ላይ ይቀመጣሉ፣ እኔ ግድግዳውን ተደግፌ እቆማለሁ።

«ምነው ልጄ፣ ቁጭ በል እንጂ!»

«ግድ የለም እማማ፣ መቆሙ ይሻለኛል።»

«ኧረ በሞቴ! በሽተኛ ቆሞ እኛ ልንቀመጥ?»

በሞቴ ከተባለ በኋላ ምን ይደረጋል? ቁጭ ይባላል። በአንድ ጭን ተደግፎ፣ ጥርስ ነክሶ፣ የማን ልጅ ተዳረ የማን ቤት ተሸጠ እየሰሙ።

ሕመሙ ለምን እንዲህ እንደሚበረታ ያስረዳኝ ሰው ስላልነበረ እኔው ላስረዳ። ፊንጢጣ ውስጥ ዙሪያውን እንደ መጋዝ ጥርስ የሆነ መስመር አለ። ከመስመሩ በላይ ያለው ሥጋ ቢቆረጥም እንደ ቆዳ አያምም፤ ውስጠኛው ኪንታሮት በላስቲክ ታስሮ ሲወድቅ ብዙ ሰው በማግስቱ ሥራ የሚገባው ለዚህ ነው። ከመስመሩ በታች ግን ሁሉም ነገር ይሰማል። ኪንታሮቱ ወደ ውጭ ወጥቶ አልመለስ ያለው ሰው ደግሞ ቢላዋ እዚያው ታችኛው ላይ ያርፍበታል። እ.ኤ.አ. በ1937 ለንደን ሴንት ማርክስ ሆስፒታል ውስጥ ሚሊጋንና ሞርጋን የተባሉ ሐኪሞች የጻፉት አሠራር ቁስሉን ሳይሰፉ ክፍት ትቶ በራሱ እንዲድን ማድረግ ነበር፤ እዚህ አሜሪካ ደግሞ መስፋቱ ይዘወተራል። ተሰፋም አልተሰፋም፣ ቁስሉ ያለበት ቦታ በየቀኑ ሥራ ያለበት ቦታ ነው። ክንድ ቢሰበር አንጠልጥለው ያሳርፉታል፤ ይህ ግን ማሳረፊያ የለውም።

መድኃኒቱም አያግዝም። ለሕመሙ የሚሰጡት ሃይድሮኮዶን ሆድ ያደርቃል። ሆድ ከደረቀ መጸዳጃ ቤት መሄድ ያስፈራል፤ ፈርቶ የያዘው ሰው ደግሞ የባሰ ይደርቅበታል። ማለስለሻውን ከማስታገሻው እኩል ካልጀመሩት የመጀመሪያዋ ቀን መከራ ናት፤ ይህን አስረግጦ የሚነግር ሰው ግን ጥቂት ነው፣ ብዙው ወረቀት አስታቅፎ ይሸኛል። ማስታገሻው ሲያልቅ ፋርማሲ ደውሎ ድገሙልኝ ማለትም የለም። ከ2014 ወዲህ በፌዴራል ሕግ በየጊዜው አዲስ ማዘዣ ያስፈልጋል። ቴክሳስ ደግሞ ከ2019 ጀምሮ ለእንዲህ ያለ ሕመም ከ10 ቀን በላይ እንዳይታዘዝ ደንግጋለች። ሱሱ ስንቱን እንደፈጀ አውቃለሁ፣ በሕጉ አልከራከርም። ግን ዓርብ ማታ ያለቀበት ሰው እስከ ሰኞ የሚያናግረው የስልክ መቅረጫውን ነው።

እፎይ የሚያሰኘው ለብ ያለ ውሃ ነው። ሽንት ቤቱ መቀመጫ ላይ የሚገጠም የፕላስቲክ ሳህን ይሸጣል፤ ከተጸዳዱ በኋላ እዚያ ላይ 15 ደቂቃ መዘፍዘፍ የተጨመደደውን ጡንቻ ያፍታታል። ቀጥሎ ተልባ። እናቶቻችን ቆልተው፣ ወቅጠው፣ በውሃ በጥብጠው የሚሰጡን ተልባ እዚህ በቆርቆሮ ታሽጎ ከሚሸጠው የፋይበር ዱቄት ምን ያንሳል? ብቻ ሳይጠለል ይጠጣ፣ ውሃም ይብዛበት። ነጭ ሽሮ፣ ምስር አልጫ፣ ጎመን፣ ቅንጬ፤ የጾም ምግባችን ለዚህ ቁስል የተዘጋጀ ይመስላል። ታዲያ ለምንድን ነው የሚመጣልን ክትፎ? «ሆዴን» ስላልን ነዋ! እውነቱን ያልሰማ ጠያቂ ምን አውቆ ጎመን ይዞ ይምጣ?

አሜሪካኖቹ እንደኛ አልደበቁትም። በታኅሣሥ 1978 ፕሬዚዳንት ካርተር ኪንታሮት አሟቸው ቀጠሮ ሲሰርዙ ዋይት ሐውስ ለጋዜጠኞች ተናገረ። በ1980 የቤዝቦል ዋንጫ ጊዜ የካንሳስ ሲቲው ጆርጅ ብሬት በዚሁ ሕመም ጨዋታ አቋርጦ ወጣ፤ በማረፊያው ቀን ትንሽ ኦፕራሲዮን ተደርጎለት በሦስተኛው ጨዋታ ሆምራን መታ። አገር ምድሩ ሰማው። እኛ ለሐኪሙ እንኳ መንገር ያቅተናል። በአገሩ ሕግ ሆስፒታሉ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፣ ልጅን ማስተርጎምም ከድንገተኛ አደጋ በቀር ክልክል ነው። የአስተርጓሚው ስልክ ሲከፈት ግን በአማርኛ የምትናገረው የሴት ድምፅ የእሑድ ቅዳሴ ላይ የምናያት እኅት ብትሆንስ? ስንቱ አባወራ ይህን ሲያስብ «ደህና ነኝ» ብሎ ስልኩን ዘግቷል።

ይህ መደበቅ ነው የሚያናድደኝም የሚያስፈራኝም። ደም እያየ «የተለመደችው ኪንታሮት ናት» ብሎ ዓመታት የሚቆይ ሰው አለ። ደሙ ከአንጀት ካንሰርም ሊመጣ ይችላል፤ ሳይታይ አይለይም። እዚህ አገር ምንም ሳያማቸው እንኳ ከ45 ዓመት ጀምሮ ሰዎች እንዲመረመሩ ይመከራል። የኛ ሰው ግን አዲስ አበባ የምናውቃትን የኪንታሮት መድኃኒት ማስታወቂያ እያስታወሰ፣ በመንገደኛ የሚቀባ ነገር ያስልካል። የሚያቃጥል ነገር እዚያ ቦታ ላይ ጠባሳ ጥሎ መውጫውን ሲያጠብ በኋላ ማን ይጠየቃል?

እረፍቱማ ከየት ይምጣ! የ1993ቱ የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ 12 ሳምንት ይሰጣል፣ ያለ ደመወዝ፤ እሱንም 50 ሠራተኛ ላለው መሥሪያ ቤት አንድ ዓመት ላገለገለ። ዳላስ በ2019 ሠራተኛው ሲታመም የሚከፈልበት ፈቃድ እንዲኖረው ደንብ አውጥታ ነበር፤ በ2020 ፌዴራል ፍርድ ቤት አገደው። ኡበርና ሊፍት የሚነዳው ወንድማችን ከሁሉም ውጭ ነው። ካልነዳ አይበላም፤ ለመንዳት ደግሞ መቀመጥ አለበት። አውራ ጎዳና 75 ላይ ቀጥ ብሎ በቆመ ትራፊክ መሐል፣ ከሥሩ ትራስ አድርጎ፣ ከፕሌኖ ወደ ኤርፖርት ይመላለሳል። ይህ ከተማ ዳቦ ለመግዛትም መኪና ውስጥ ያስቀምጣል። ቆሜ ሳለሁ ማንም ለምን ያላለኝ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው።

የኔ ሥራ የፓርኪንግ ሒሳብ መቀበል ነው፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ከፍ ያለች ወንበር ላይ ተቀምጦ ሺፍቱን ሙሉ። የተሰጠኝ የሐኪም ወረቀት «ከባድ ዕቃ እንዳያነሳ» ይላል። እኔ የማነሳው ከባድ ዕቃ የለም። «ለረጅም ሰዓት እንዳይቀመጥ» የሚል መስመር እንዲጨመርልኝ ደውዬ ነበር፤ እስካሁን መልስ የለም። ማናጀሩም ያለውን አንብቦ፣ እንግዲያው ሰኞ ግባ ብሎኛል።