ሽንት ለሚያመልጠን ሰዎች ማን በር ይክፈትልን?

ደክሞናል። ከሕመሙ ይልቅ ዝምታው አድክሞናል። ስኳርና ደም ግፊት በየቡናው ይወራሉ፤ ስናስል፣ ስናስነጥስ፣ ስንስቅ ወይም ጄሪካን ስናነሳ የሚያመልጠን ሽንት ግን ለእህት እንኳ አይነገርም። ከወሊድ በኋላ የጀመረን አለን፤ ዕድሜ ሲገፋ የመጣብን አለን፤ ፕሮስቴት ያስቸገራቸው አባቶችም አሉ። ጠቆር ያለ ልብስ እንመርጣለን፣ ቦርሳችን ውስጥ ቅያሪ እንይዛለን፣ ከቤት ስንወጣ ከጉዳያችን በፊት የምናስበው ሽንት ቤቱን ነው።

አዲስ አበባ፣ ልደታ ማርያም ሰፈር የሚውል ሰው ይህን ያውቀዋል። ወር በገባ በ1 ልደታን ለመሳለም እንሄዳለን። ቅዳሴው በቁም ነው፣ ረጅምም ነው። «ልብሴ ረጥቦ ቢሆንስ» ብለን እየፈራን፣ ነጠላችንን ተከናንበን ከቅጽሩ ውጭ የምንሳለም ብዙ ነን። ግንቦት 1 ጎረቤት ተሰብስቦ ንፍሮ ሲበላ እኛ ቶሎ ለመነሳት እንዲመቸን ዳር ዳሩን እንይዛለን። ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለው ባለጉዳይ ስሙ ሲጠራ እንዳያልፈው ከችሎቱ በር አይርቅም። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ውስጥ ሽንት ቤት የለም፤ ከታክሲ ሰልፍ የወጣም ተራውን ያጣል። ካፌ ገብተን ስንለምን «ለተጠቃሚ ብቻ ነው» እንባላለን። ወንዱ ነውር ቢሆንም አጥር ሥር ይሸናል። ሴቷ የት ትሂድ?

ቤትም ቢሆን አያሳርፍም። የቀበሌ ቤት ነዋሪ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፤ ሌሊት በጨለማ ግቢ አቋርጦ ይሄዳል፣ አለዚያ ፖፖ ያስቀምጣል። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሽንት ቤቱ ቤቱ ውስጥ ነው፤ ውሃ በፈረቃ ሲሆን ግን 20 ሊትር ጄሪካን ተሸክሞ ደረጃ ይወጣል። ከባድ ዕቃ ማንሳት ደግሞ ሽንት ከሚያስመልጡት ነገሮች አንዱ ነው። ለሁለት መያዝ ወይም በትንንሽ ዕቃ መቅዳት ይሻላል።

መላ ስናጣ ውሃ መጠጣት እንተዋለን። ይህ የሚጎዳን እኛኑ ነው። ውሃ ሲያንስ ሽንቱ ይወፍርና ፊኛን ይቆጠቁጣል፤ ሆድም ይደርቃል፤ የደረቀ ሆድ ፊኛውን ይጫነዋል። ውሃውን ቀን ቀን ከፋፍሎ መጠጣት፣ ከመኝታ በፊት ሁለት ሦስት ሰዓት ማቆም ነው። ጎመን፣ ባቄላና ተልባ ሆድ ያለሰልሳሉ። ቡናና ሻይ ፊኛን ያስቸኩላሉ። ግን አቦል ጠጥቶ ቶናና በረካን መተው በእኛ አገር ቀላል ነው? «ቡናዬ አልጣመሽም?» ይመጣል። እባካችሁ፣ አንዱ ስኒ የበቃትን ሴት አታስገድዷት። ውፍረት መቀነስም ይረዳል። ለደም ግፊት ሽንት የሚያሸና ክኒን የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን በራሱ አያቁም፤ የሚወስድበትን ሰዓት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ገንዘብ የማይጠይቀው መላ የሥረኛውን ጡንቻ ማሠራት ነው። ፈስ እንደሚይዝ ሰው ጡንቻውን ወደ ላይ ሰብስቦ አምስት ሰከንድ መያዝ፣ ያንኑ ያህል መልቀቅ፤ አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። ቀስ በቀስ ወደ አሥር ሰከንድ ማሳደግ። ትንፋሽ አይያዝም፣ ሆድም አይገፋም። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞም ይሠራል፤ ማንም አያይም። ለውጡ የሚታየው ሦስት ወር ገደማ ሲታገሡ ነው። ፊኛም ይለምዳል፦ በየሰዓቱ የሚሄድ ሰው 15 ደቂቃ ይጨምር፣ ሲለምደው ደግሞ ሌላ 15።

ሽንቱ የሚያቃጥል፣ ደም ያለበት ወይም በድንገት የጀመረ ከሆነ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ነው። ከአስቸጋሪ ምጥ በኋላ ሌት ተቀን የሚፈስ ሽንት ፊስቱላ ሊሆን ይችላል፤ እሱን እንቅስቃሴ አያድነውም። እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አገራችን የመጡት ዶክተር ሬጅናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን የመሠረቱት የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል በነፃ ያክማል።

የእኛን ድርሻ እንወጣለን። ግን «በሰዓትህ ሽና» የሚለው ምክር የሚሠራው ሽንት ቤት ሲኖር ነው። ካፌ ያላችሁ፣ በሩን ክፈቱልን፤ የምትጠይቁትን ሳንቲም እንከፍላለን። ባለጉዳይ የምታስጠብቁ፣ ንጹሕ ሽንት ቤትና ውሃ አዘጋጁ፤ ለሽንት የወጣን ሰው ተራ ጠብቁለት። እናንተም እህቶቼ፣ ነገ ጤና ጣቢያ ስትገቡ ከሁሉ በፊት «ሽንት ያመልጠኛል» በሉ። የሚታከም ነገር ይዘን ከሰው አንራቅ።