ስፖንሰር ፈላጊው

ገላን ኮንዶሚኒየም የገባሁ ዕለት መርካቶ ያለችው አክስቴ ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች «በቃ ሄድክብን!» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። ቀላል ባቡሩ እንኳ ቃሊቲ ሲደርስ ወገቤን ብሎ ቀርቷል፤ እኛ ያለነው እሱን አልፈን ነው። እንግሊዝ ልሄድ ነው ስል የብሎካችን ሰው ብዙም ያልደነቀው ለዚህ ይመስለኛል፤ ግማሹን መንገድ ጨርሼዋለሁ።

በልጅነቴ የማውቀው ስፖንሰር ከሬዲዮ ድራማ በፊት ስሙ የሚጠራ የሳሙና ፋብሪካ ነበር። እኔ የምፈልገው ስፖንሰር ግን የአረጋውያን መጦሪያ ነበር። እንግሊዞች ሽማግሌ የሚንከባከብ ቢቸግራቸው በየካቲት 2014 ዓ.ም. ለውጭ ሰው በር ከፈቱ። ከመንግሥታቸው ፈቃድ ያለው ቀጣሪ የስፖንሰርነት ሰርተፍኬት ይሰጥሃል። ሰርተፍኬት ሲባል ፍሬም አስገብተህ ሳሎን የምትሰቅለው እንዳይመስልህ፤ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ቁጥር ነው። በ3 ወር ውስጥ ቪዛ ካልጠየቅህበት ይሞታል። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራው ደግሞ 6 ወር ያገለግላል። አንዱ ሲበስል ሌላው ያራል። ሄደህም ከቀጣሪህ ጋር ከተጣላህ፣ ብዙውን ጊዜ ሌላ ስፖንሰር እንድትፈልግ 60 ቀን ይሰጡሃል። ባለቤቴ ስትቆጣ ስልሳ ደቂቃም ሰጥታኝ አታውቅም።

ሂያጅነቴ በተሰማ በሳምንቱ የብሎኩ ኮሚቴ ከጸሐፊነት አወረደኝ። ዕቁቡ ዕጣዬ ሲወጣ ሁለት ዋስ ጠራ፤ ድሮ አንድም አይጠይቀኝም ነበር። የሁለተኛ ፎቁ ጎረቤቴ ቡና ሊጠጣ መጥቶ ሶፋዬን በስንዝር ለካው። የሠፈሩ ልጆች ሳይቀሩ «ለንደን» ይሉኝ ጀመር። እኔም አላፈርኩ፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ስለ ዝናብ ማውራት ለመድኩ።

መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. እንግሊዞቹ ተንከባካቢ ሆኖ የሚመጣ ሰው ሚስትና ልጅ አያስከትል አሉ። ባለቤቴ ዜናውን ሰምታ ምንም አልተናገረች። ማታ ግን ሶፋው ላይ እንደተቀመጠች «ይኼ አይሸጥም» አለች።

ዋናው ፈተና የመጣው ግን ከአራተኛ ፎቅ ነው። ሕንጻችን ሊፍት የለውም፤ ውኃም በፈረቃ ነው። እዚያ ላይ ብቻቸውን ለሚኖሩ እማማ ጀሪካን የማወጣላቸው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ሁለተኛውን ጀሪካን አስቀምጬ ሳለከልክ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ እዚያ ሄደህ ሥራህ ምንድን ነው?»

«ሽማግሌና አሮጊት መንከባከብ ነው፣ እማማ።»

«ምን ምን እያደረግህ?»

«ሻይ አፈላላቸዋለሁ፤ መድኃኒታቸውን አስታውሳቸዋለሁ፤ ደረጃ ደግፌ አወጣቸዋለሁ። አጫውታቸዋለሁም።»

«ልጆች አልወለዱም?»

«ወልደዋል። ሥራ ላይ ናቸው።»

«ለዚህ ስንት ሊከፍሉህ ነው?»

«በዓመት ቢያንስ 23,200 ፓውንድ።»

እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ወደ ጀሪካኑ አዩ፣ ወደ ደረጃው አዩ፣ ከዚያ ወደኔ።

«ወይ ጉዴ! ታዲያ የኔን ዕዳ ማን ይከፍልልኛል?»

ከዚያን ቀን ወዲህ ደረጃ ስወጣ በፓውንድ ማሰብ ጀመርኩ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትንፋሼ ሲቆራረጥ ሀብታም የሆንኩ ይመስለኛል።

ሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ያ በር ከውጭ ለሚቀጠር አዲስ ተንከባካቢ ጭራሽ ተዘጋ። የሰርተፍኬቱን ቁጥር አመጣልሃለሁ ያለኝ ደላላ ስልኩ ጠፋ፤ ቀብዱም አብሮት ጠፋ። ስፖንሰርነት ከደላላ እንደማይገዛ ያነበብኩት ገንዘቡን ከሰጠሁ በኋላ ነው፤ ማንበቤ ራሱ ግን ያው የእንግሊዝኛ ልምምድ ነው ብዬ ተጽናናሁ። የሁለተኛ ፎቁ ጎረቤቴ ከኔ በላይ አዘነ። ሶፋው የሚገባበትን ቦታ አስለቅቆ ነበር።

እማማ ወሬው ሲደርሳቸው አስጠሩኝ። ረከቦት ቀርቧል።

«በል አትዘን። እኔ ስፖንሰር አደርግሃለሁ።»

«ለስንት ወር ነው፣ እማማ?»

«ውኃው እስኪስተካከል።»

ያ ማለት ለዘለቄታው ነው።

«ቤተሰብ ማምጣት ይፈቀዳል?»

«ጥራቸው፤ ቡናው ገና አንደኛው ነው። አንተ ግን ባዶ እጅህን እንዳትመጣ፤ ውኃ አሁን መጥቷል እየተባለ ነው፣ ጀሪካኖቹ በሩ ሥር ናቸው።»