የተኛ ኢ-ሪደር የባትሪ ፍጆታን ለመደንገግ የወጣ አዋጅ

የኢ-ሪደር ስክሪን ኃይል የሚወስደው ገጽ ሲገለጥ ብቻ እንደሆነ፣ የተገለጠው ገጽ ግን ያለ ኤሌክትሪክ ጸንቶ እንደሚቆይ በሻጮች ዘንድ በተደጋጋሚ የተነገረ በመሆኑ፤

ይኸው መሣሪያ ማታ ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ፣ ተዘግቶ፣ ማንም ሳይነካው አድሮ ጠዋት ባትሪው ተንጠፍጥፎ በመገኘቱ፤

የደንበኞች አገልግሎት ለዚህ የሰጠው መልስ “ሪስታርት አድርገው ሞክረዋል?” የሚል ብቻ በመሆኑ፤

የሚከተለው ታውጇል።

1. አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ “የተኛ ኢ-ሪደር አዋጅ” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

2. ትርጓሜ
የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር “አንባቢ” ማለት ቻርጀር ከእጁ የማይለይ ማንኛውም ሰው ነው። በወንድ ፆታ የተገለጸው ሴትንም ይጨምራል።

3. የባትሪ ቆይታ
1) አንድ ጊዜ ቻርጅ የተደረገ ኢ-ሪደር 6 ሳምንት ይቆያል።
2) በንዑስ አንቀጽ (1) የተደነገገው ቢኖርም፣ 6 ሳምንቱ የሚታሰበው፦
ሀ) አንባቢው በቀን ከግማሽ ሰዓት በላይ ካላነበበ ነው። ይህ ሲደመር 21 ሰዓት ብቻ መሆኑን ማስላት የተከለከለ ነው። “ፍቅር እስከ መቃብር”ን የያዘ ሰው ሰዓቱ ሲሞላ በዛብህን ባለበት ትቶት ይተኛል፤
ለ) ዋይፋዩ ከተዘጋ ነው። መጽሐፍ ለማውረድ ግን መክፈት ግድ ነው፤ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቤት ደግሞ ከፍቶ የረሳው ሰው መሣሪያው ኔትወርክ ሲያሳድድ ያድርበታል፤
ሐ) የስክሪኑ ብርሃን ከደበዘዘ ነው። መብራት የጠፋበት ሰፈር ነዋሪ በዚህ ፊደል አይጠቀምም፤
መ) አዲስ መጽሐፍ ካልተጫነበት ነው።
3) ፊደል (መ) ማብራሪያ ያስፈልገዋል። መጽሐፍ በተጫነ ቁጥር መሣሪያው ለፍለጋ እንዲያመቸው ቃላቱን እየለቀመ ማውጫ ይሠራል፤ ስክሪኑ ጠፍቶም ይሠራል። ጨርሶ ከተኛ የሚጠየቅበት ነገር የለም። ሆኖም፦
ሀ) የአንዱ መጽሐፍ ፋይል ተበላሽቶ እንደሆነ፣ እዚያው ላይ ተጣብቆ ይሞክራል፣ ያቅተዋል፣ እንደገና ይሞክራል፤
ለ) የትኛው መጽሐፍ እንዳስቸገረው ያውቃል፤
ሐ) አይናገርም፤
መ) አንባቢው ማወቅ ከፈለገ በየትኛውም መጽሐፍ ውስጥ የሌለ ቃል፣ ለምሳሌ “ቅብጥርጥስፍ” ብሎ፣ መፈለጊያው ላይ ይጽፋል። መሣሪያው “አልተገኘም” ካለ በኋላ፣ ነገሩ ትዝ እንዳለው ሁሉ፣ ማውጫ ያልተሠራላቸው መጻሕፍት እንዳሉ ከግርጌ ያስታውቃል፤
ሠ) ሪስታርት ቢደረግ፣ ተነሥቶ ያንኑ የተበላሸ ፋይል ይቀጥላል።
4) ቆይ፣ ይሄ ምን የሚሉት አሠራር ነው? ያውቃል እኮ! “ይህ መጽሐፍ ተበላሽቷል፣ አጥፋው” ብሎ አንድ መስመር መጻፍ ምን ያቅታል? ተዘግቶ ባለበት ስክሪን ላይ ማስታወቂያ ለመለጠፍ ሲሆን ቦታ አልጠፋም። አንባቢው ለማይፈልገው ነገር ይጮኹበታል፣ ለቸገረው ነገር በሌለ ቃል እንቆቅልሽ ያስፈቱታል። ስንቱ ይሆን በአንድ ብልሹ ፋይል የተነሣ “ባትሪው ሞቷል” ተብሎ ደህና ዕቃውን የጣለ? ገንዘቡን ከፍሏል። ማንበብ ነው የፈለገው፣ ሌላ ምንም አልጠየቀም።
5) ንዑስ አንቀጽ (4) የአዋጁ አካል አይደለም፤ እንዲሰረዝ የቀረበው ሐሳብ ግን ድጋፍ አላገኘም።

4. ስለ ካቨር
ማግኔቱ የላላ ካቨር መሣሪያውን ቦርሳ ውስጥ ሲቀሰቅሰው ቢውል በተግሣጽ ይታለፋል።

5. ስላረጀ ባትሪ
ሊቲየም ባትሪ በዕድሜ የሚደክም ስለሆነ በእርጅናው አይከሰስም።

6. የተሻሩ ሕጎች
ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሁሉ ተሽሯል።

7. አዋጁ የሚፀናበት ጊዜ
ከዛሬ ጀምሮ የፀና ይሆናል። እናንተ ግን ባትሪ ለማስቀየር ወደ ጠጋኝ ከመሄዳችሁ በፊት ቻርጁ ቶሎ ማለቅ የጀመረበትን ሰሞን አስታውሱና ያኔ የጫናችሁትን መጽሐፍ አጥፉ። ብዙ መጻሕፍት ባንዴ ስትጭኑም ቻርጀሩ ላይ ሰክታችሁ አሳድሩት።