ሰላም ካሉ በኋላ

«ሰላም» ይላል ቴሌግራሙ። ከዚያ ዝም። የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ እሱ ሲኤምሲ ቤቱ፣ እኔ ጌጃ ሰፈር ቤቴ ሆነን እንሠራለን። ሰላም እስክለው ይጠብቃል። «እንዴት ነህ?» ደህና። «ቤተሰብ?» ደህና። «መብራት አለ እናንተ ጋ?» አለ። ጉዳዩ የሚመጣው ከምሳ በኋላ ነው፦ «ያ ፋይል የቱ ነበር?»

ሰፈራችን ግን እንዲህ አይደለም፤ ቤት ከቤት ተጣብቋል፤ ጎረቤት ደጃፍ ላይ ቆማ «ቤቶች! እንዴት ዋላችሁ? ወንፊት ፈልጌ ነበር» ትላለች፣ በአንድ ትንፋሽ። ከወንበሬ ሳልነሳ ወንፊቱ ሄዷል።

በስልክም ቢሆን የሚስኮል ዘመን ይሻል ነበር። ሞባይል አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው፤ ካርድ ውድ ስለነበር ሰው ሁሉ ውል ነበረው። አንዴ ከጠራ «ደርሻለሁ»፣ ሁለቴ ከጠራ «ውጣ»፣ ደጋግሞ ከጠራ «ካርድ የለኝም፣ አንተ ደውል»። ትልቁ ነውር ሚስኮል ማንሳት ነበር፤ የሰው ሳንቲም አስበላህ ተብሎ የተኮራረፈ ጓደኛ አውቃለሁ። የደወለም ቢሆን ሒሳቡ እየቆጠረበት ስለሆነ ቶሎ ወደ ነገሩ ይገባል። በ2012 ኮሮና ቤት ሲከተን ግን ሁላችንም ጥቅል ገዝተናል፤ ቁጥብነቱም አብሮ ቀረ።

የድምፅ መልእክትን ግን ይቅር አልልም። ታክሲ ውስጥ ይቀዳል። ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይጮኻል፣ ባልደረባዬ «እና... ምን መሰለህ...» ይላል፣ የምፈልጋት ቀን መጨረሻ ላይ ክላክስ ውጧት ትቀራለች። ይሄ ስንፍና ነው! የራሱን ጣት ለማሳረፍ የሥራ ግሩፓችንን ሰው ሁሉ ጆሮ ያስራል። ቢጽፈው ኖሮ ነገም ፈልጌ አገኘው ነበር። ዝም ስለው ይደውላል። ሳላነሳ ስቀር ደግሞ ይደውላል፤ ደግሞ። ሰው የሞተ መስሎኝ ደንግጬ ሳነሳ «ቮይሱን ሰማኸው?»

ደግሞ አልፈርድበትም። ሰላምታ ሳያስቀድም ነገር የጀመረ ልጅ ኩርኩም ቀምሶ ነው ያደገው፤ መልስ መጠበቁም ጨዋነት መስሎት ይሆናል። ዋሽንግተን ያለችው ባልደረባችን ሰላምታ አታበዛም፤ የሷ ጣጣ ሌላ ነው። «3 ሰዓት ላይ እንገናኝ» ትላለች፤ በሐበሻ ይሁን በፈረንጅ አትነግረንም። በሐበሻ ነው እንበል፤ እሷ ጋ ጠዋት 3 ሲል እኛ ጋ ከቀኑ 10 ነው፣ ብርዳቸው ሲገባ ደግሞ 11። ጥቅምት ማብቂያ ላይ ሰዓታቸውን ሲመልሱ ግማሻችን በ10፣ ግማሻችን በ11 ገባን። ነገሩን የሚያጣራ ሌላ ስብሰባ ተቀጠረ፤ እሱም በ3 ሰዓት።