ወለምታ በአበበ አገር

ኢትዮጵያ ውስጥ ለጤናው የሚሮጥ ሰው ጣጣው ሩጫው አይደለም፣ የተጎዳ ቀን ነው። በየጠዋቱ ስሮጥ ዞር ብሎ ያየኝ አልነበረም። አንድ ተነቅሎ የቀረ ኮብልስቶን ቁርጭምጭሚቴን ወለም ካደረገው ወዲህ ግን ሰፈሩ በሙሉ አሠልጣኝ፣ ሐኪምና የስፖርት ጋዜጠኛ ሆኖ ተነሣብኝ።

እያነከስኩ እንቁላል ልገዛ ብገባ፣ ባለሱቁ ከላይ እስከ ታች አየኝና «አበበ ቢቂላ እኮ ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ነው ቶኪዮ ላይ የሮጠው!» አለኝ። እውነቱን ነው። ቀዶ ጥገናው ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው፣ ጥቅምት 1957 ዓ.ም. ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ጨረሰ። ይህ ሳያንስ፣ ሌሎቹ ገና መንገድ ላይ ሳሉ እሱ ሜዳው ላይ ጋደም ብሎ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። እኔም አንገቴን አልደፋሁም። «ሜክሲኮ ላይስ? 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ እግሩ ታሞ አቋርጦ የለም እንዴ?» አልኩት። እንቁላሉን በፌስታል እየቋጠረ፣ «ማሞ ወልዴ ነበረዋ! እሱ ወርቁን አመጣልን። አንተ ማን አለህ?» አለኝ። ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ።

ወጌሻው ዘንድ የወሰደችኝ እናቴ ናት። ሽማግሌው ቅቤ በአውራ ጣታቸው ጠቅ አድርገው፣ እግሬን ጭናቸው ላይ አጋድመው ቀስ እያሉ ማሸት ያዙ። እጃቸው ለስላሳ፣ ጨዋታቸውም ጥሩ ነው። «ለመሆኑ አገርህ የት ነው ልጄ?» አሉኝ። «ቡ…» ከማለቴ ቀጨም አድርገው ሳቡት። «…ልጋ!» ያልኩት ቡልጋ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። እሳቸው ግን እጃቸውን እየጠረጉ፣ «ደግ አገር ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሄድኩባት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይህን ስትሰማ ዓይኗን ጨፈነች። በቁርጭምጭሚቴ የውጭ ጎን ያሉት ጅማቶች ከልክ በላይ ተለጥጠዋል፣ እግሬም ሚዛን መጠበቁን ረስቷል፤ ስለዚህ ማሳሸቱን ትቼ ጥርሴን ስቦርሽ ዓይኔን ጨፍኜ በታመመው እግሬ ብቻ እንድቆም አዘዘችኝ። ቀላል መስሎኝ ነበር። ዓይን ጨፍኖ በአንድ እግር መቆምን ያልሞከረ ሰው ስለ ሚዛን ባያወራ ይሻለዋል። የጥርስ ሳሙናውን ጆሮዬ ድረስ አዳርሼ ግድግዳ ስቧጥጥ እናቴ ደረሰችብኝ። ምን እንደማደርግ ስነግራት ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ አየችኝ። «አቡነ ተክለ ሃይማኖት በአንድ እግራቸው ሰባት ዓመት ቆመው ጸለዩ፤ አንተ ጥርስህን ቦርሸህ መጨረስ አቃተህ?»

ፉክክሩ ከሯጭም አልፎ ከጻድቃን ጋር ሲሆን ጡረታ መውጣቴን አወጅኩ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴም በ2003 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ ጉልበቱን አሞት ሲያቋርጥ ሩጫ በቃኝ ብሎ ነበር። ጥቂት ቀን ቆይቶ ሐሳቡን ለወጠና ተመለሰ። እሱን ስንቱ ተመለስ ብሎ ለምኖታል። እኔን ባለቤቴ «እንግዲያው ጫማውን ለወንድሜ ልስጠው?» አለችኝ። በማግስቱ ጫማዬን አሰርኩ።

የመመለሻው ሕግ ደቂቃ ሮጦ ሁለት ደቂቃ መራመድ ነበር። ለእግር የሚያዋጣ፣ ለክብር የማያዋጣ ሕግ። መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ በንጋት ያለውን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ማንም ሌላው ሲራመድ አይቶ አያስችለውም። ቱታ የለበሱ አንድ ጋሼ፣ መራመድ በጀመርኩ ቁጥር ከየት እንደሚመጡ አላውቅም፣ ከጎኔ ብቅ ይሉና «አይዞህ! አትቁም! ወኔ!» እያሉ ያጨበጭባሉ። የሐኪም ትእዛዝ ነው ብላቸው «ሐኪም ምን ያውቃል!» አሉኝና እጄን ይዘው አስሮጡኝ። በኋላ ሳጣራ ለካ እሳቸው ራሳቸው ጡረታ የወጡ ሐኪም ናቸው።

ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫ ደረሰ። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደው ይህ 10 ኪሎ ሜትር ለተጎዳ ሰው እንደ ተሠራ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ ልሩጥ ብትሉም አትችሉም። ከፊት ይጨፈራል፣ ከጎን ውኃ ይረጫል፣ ከኋላ አንዱ ሰው ትከሻ ላይ ወጥቶ ይዘፍናል። ቁርጭምጭሚቴ እንደዚያ ቀን ተመችቶት አያውቅም። ስጨርስ ሜዳሊያዬን አንገቴ ላይ እንዳጠለቅኩ እናቴ ደወለች።

«ስንተኛ ወጣህ?»

«እማዬ፣ ከ40 ሺህ በላይ ሰው እኮ ነው የሮጠው።»

«እሱን አልጠየቅኩህም። ኬንያዎቹ ቀደሙህ?»

«አዎ፣ ቀደሙኝ።»

«ነገ ወጌሻው ጋ እንሄዳለን» ብላ ዘጋችው።