የቡጢ ማኅበር

በቨርጂኒያ ግዛት፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ጻድቅም ሰማዕትም የማይዘከርበት አንድ ማኅበር አለ። ሰባት አባላት አሉት። ሙሴ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ተራ የደረሰው ሰው ክትፎና ቢራ ያቀርባል። የሚዘከረው ግን ቡጢ ነው።

ማኅበሩን የፈጠረው ፍቅር ሳይሆን ሂሳብ ነው። በ2024 አሜሪካ ውስጥ አንድ ትልቅ የዩኤፍሲ (የቅይጥ ማርሻል አርት ድርጅት ነው) ፍልሚያ በፔይ ፐር ቪው፣ ማለትም በየፍልሚያው እየከፈሉ፣ ለማየት 79.99 ዶላር ይከፈል ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ገንዘቡም የእነሱ ነውና)። ያውም የኢኤስፒኤን ፕላስ ወርሃዊ ክፍያ ለብቻው ተከፍሎ ነው። ለአንድ ኪስ ያንገበግባል። ለሰባት ሲካፈል ግን 11 ዶላር ከ43 ሳንቲም ይደርሳል። ዶላሩን የሚሰጥ አልጠፋም፤ ሳንቲሙን የሚሰጥ ግን እስካሁን አልተገኘም።

ሙሴው፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው ጡረተኛ ታክሲ ነጂ፣ መዋጮ በተጠየቁ ቁጥር «በእኛ ጊዜ ቡጢ በነጻ ነበር» ይላሉ። ብለውም ይከፍላሉ። ጸሐፊው ደግሞ ይህችን ቃል ሳያርም አያድርም። (ጸሐፊው ሲባል የማኅበሩን ደብተር የያዘው ነው እንጂ ይህን ወግ የሚጽፈው አይደለም። ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው የሚል ሐሜት መኖሩ እውነት ነው።)

በጸሐፊው ክርክር ቡጢ በነጻ ከታየበት ጊዜ ይልቅ የተሸጠበት ይበልጣል። ገና በ1951 ጆ ሉዊስ ከሊ ሳቮልድ ሲጋጠም ፍልሚያው ለቤት ቴሌቪዥን ተከልክሎ፣ ቲኬት ቆርጠው ሲኒማ ቤት ለገቡ ሰዎች ብቻ ታይቷል። ሐሳቡ ለአዲስ አበባ ሰው አዲስ አይደለም፤ በር ላይ ብር የሚቀበል ልጅ፣ ጠባብ አግዳሚ ወንበር፣ ከፊት የተቀመጠ ባለ ትልቅ ባርኔጣ። የእኛው ዲኤስቲቪ ቤት ነው።

ከዚያ ደግሞ ኪንሻሳ አለች። መሐመድ አሊና ጆርጅ ፎርማን ኦክቶበር 30 ቀን 1974 መድረክ ላይ የወጡት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነበር። በዚያ ሰዓት ጅብ ካልሆነ በቀር ማን ይጣላል? ምክንያቱ ገበያው ነው። ኪንሻሳ ሌሊት ሲሆን አሜሪካ ውስጥ ገና ማምሻ ነው፤ ሲኒማ ቤቱ ሞልቶ የሚጠብቀውም እዚያ ነው። የዛየሩ መሪ ሞቡቱ ለሁለቱ ቡጢኞች ለእያንዳንዳቸው 5 ሚሊዮን ዶላር መደቡ፣ አፍሪካ እንቅልፏን አዋጣች፣ አሊ ፎርማንን በስምንተኛው ዙር ዘረረው። በዓመቱ አሊና ፍሬዘር ማኒላ ላይ ሲገናኙ ደግሞ ተዋጊዎቹን ሙቀት ቀቀላቸው፤ ለአሜሪካ ምሽት እንዲመች ሲባል በፊሊፒንስ ረፋድ ላይ ነበርና የተጋጠሙት። ያንን ፍልሚያ በሳተላይት ተቀብሎ ለደንበኞቹ ያሳየው ኤችቢኦ የሚባል የኬብል ጣቢያ ነው፤ ቡጢን ይዞ አድጎ በ2018 «በቃኝ» እስኪል ድረስ።

ጋሼ ይህን ሁሉ ሰምተው «እኔ የኪንሻሳውን በሬዲዮ ነው የሰማሁት፤ ሬዲዮ ደግሞ ነጻ ነው» ብለው ይዘጉታል።

ፔይ ፐር ቪው የተባለው ነገር ክፉ ጠባዩ የዕቃውን መጠን ሳይናገር ዋጋውን ማስከፈሉ ነው። ሥጋ ቤት እንኳ ሚዛን አለ። በ1995 ማይክ ታይሰን ከእስር ወጥቶ ከፒተር ማክኒሊ ጋር ሲጋጠም፣ ቤቱ ከፍሎ የተቀመጠው ሰው ያየው 89 ሰከንድ ነው። የማክኒሊ አሠልጣኝ ወደ መድረኩ ዘሎ ገባና ነገሩ አለቀ። ቆሎ ላምጣ ብሎ የተነሣ እንግዳ ተመልሶ የሚያየው ማስታወቂያ ነው።

ሰውም መክፈሉን አልተወም። ሜይዌዘርና ፓኪያዎ በ2015 ሲገናኙ 4.6 ሚሊዮን ግዢ ተመዘገበ፤ ጥራት ያለው ምስል ወደ 100 ዶላር ነበር። የአበሻ ቀጠሮ ያለን ይመስል ገዢው ሁሉ በመጨረሻው ሰዓት ስለተረባረበ የኬብል ኩባንያዎቹ መስመር ተጨናነቀ፤ ሁለቱ ቡጢኞችም ደንበኛው ከፍሎ እስኪጨርስ ቆመው ጠበቁ። በዚያው ሌሊት ደግሞ ብዙ ሰው ስልኩን በቴሌቪዥኑ ፊት ደቅኖ፣ ገና ወር የሞላው ፔሪስኮፕ በተባለ መተግበሪያ ለዓለም በነጻ ያድል ነበር።

ከዚህ ዓይነቱ ደግነት ሁሉ የማኅበሩ አባላት ደጋግመው የሚያወሩት የአውስትራሊያውን ነው። ፌብሩዋሪ 2017፣ አንቶኒ ሙንዲንና ዳኒ ግሪን አዴሌድ ላይ ሲጋጠሙ፣ አንድ ሰው ሕጋዊ ክፍያውን ከፈለ፤ ከዚያ ስልኩን በቴሌቪዥኑ አንጻር አቁሞ በፌስቡክ ያስተላልፍ ጀመር። ብዙ ሺህ ሰው ሳሎኑ ውስጥ ገባ ማለት ነው። መብቱን የያዘው ፎክስቴል በዚያው ቅጽበት ደወለለት። ሰውዬው ስልኩን አነሣ፤ ክርክሩም ከቡጢው ጋር በቀጥታ ተላለፈ። «ከፍዬበታለሁ፤ በገዛ ቤቴ ምን አገባችሁ» ዓይነት ነበር መከላከያው። በኋላ በይፋ ይቅርታ ሲጠይቅ ኩባንያው ክሱን ተወለት።

ጋሼ ለሰውዬው ይፈርዱለታል። «ክትፎ ገዝቼ ለጎረቤት ባጎርስ ሥጋ ቤቱ ይከሰኛል?» ይላሉ። ጸሐፊው በበኩሉ የተገዛው ክትፎው ሳይሆን መጉረሱ ነው ለማለት ይሞክራል፤ ያኔ ጠረጴዛው ላይ ያለ ሁሉ ይስቅበታል።

መብት ሻጮቹ ግን ቀልድ አያውቁም። ማኅበሩ አንድ ጊዜ ቤት ሳይሆን ምግብ ቤት እንገናኝ ብሎ ነበር፤ ባለቤትየዋ ዋጋውን ጠይቃ ስትመለስ ፊቷ ተለውጧል። ለንግድ ቤት የሚከፈለው እንደ ሳሎን አይደለም፤ ቤቱ በእሳት አደጋ ደንብ ስንት ሰው ይይዛል በሚለው ይተመናል። ወንበሩ ባዶ ቢሆንም ይቆጠራል። ጆ ሃንድ ፕሮሞሽንስ የተባለው የፔንስልቫኒያ ኩባንያ (መሥራቹ ድሮ የፊላደልፊያ ፖሊስ ነበሩ፤ ጠባዩ አልለቀቃቸውም) ሳይከፍሉ ያሳዩ መጠጥ ቤቶችን በየፍርድ ቤቱ ሲከስ ነው የኖረው። መርማሪው እንደማንኛውም ደንበኛ ይገባል፣ መጠጥ ያዝዛል፣ ስንት ስክሪን እንዳለ ያያል፣ የተቀመጠውን ሰው በጭንቅላት ይቆጥራል፣ ከዚያ ቃለ መሐላውን ይጽፋል። ከዚያ ወዲህ ማኅበርተኞቹ አንድ ያልታወቀ ሰው ብቻውን ቢራ ይዞ ሲያዩ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ።

የስትሪሚንግ ዘመን ሲመጣ ለዚህ ሁሉ መድኃኒት ተገኘ ተባለ። በ2018 ዳዞን የተባለው ኩባንያ ከቡጢ አዘጋጁ ከኤዲ ሄርን ጋር የ8 ዓመት፣ የ1 ቢሊዮን ዶላር ውል አሰረ። ቡጢኛውን ካኔሎ አልቫሬዝን ደግሞ ለ11 ፍልሚያ 365 ሚሊዮን ዶላር ቃል ገባለት። ፔይ ፐር ቪው ሞቷል፣ ከእንግዲህ በትንሽ ወርሃዊ ክፍያ ነው አለ። ማኅበርተኞቹም አመኑና ለቅሶ ደርሰው ተመለሱ። የካኔሎ ውል በሁለት ዓመቱ በክስ ፈረሰ። ሟቹም በ2022 ተነሣ፤ ካኔሎ ከዲሚትሪ ቢቮል ጋር ሲጋጠም ዳዞን ራሱ፣ ከወርሃዊው ክፍያ በላይ፣ በፔይ ፐር ቪው ሸጠው። ካኔሎም በዚያ ምሽት ተሸነፈ፤ ተዝካሩን በልቶ የጨረሰ ሰው ግን የከፈለውን አይመልሱለትም።

ኔትፍሊክስ በ2024 ኖቬምበር የ58 ዓመቱን ታይሰን ከ27 ዓመቱ ጄክ ፖል ጋር ሲያጋጥም ተጨማሪ አልጠየቀም። 60 ሚሊዮን ቤት እንዳየው ኩባንያው ተናግሯል። በዚህም በዚያም የምስሉ ክብ ስትሽከረከር ያመሸችበት ቤት ጥቂት አልነበረም። የማታ ማታ ምስሉ ቆሞ ይሁን ታይሰን ራሱ ቆሞ ለመለየት የሚያስቸግርበት ጊዜ እንደነበር፣ ስምንቱንም ዙር ያየ ሁሉ ይመሰክራል።

የማኅበሩን መሠረት የነቀነቀው ግን የዩኤፍሲ ነገር ነው። ፈርቲታ ወንድማማቾች ድርጅቱን በ2001 በ2 ሚሊዮን ዶላር ሲገዙት፣ ከስሙ በቀር ይህ ነው የሚባል ንብረት አልነበረውም፤ በእንግሊዝኛ ሦስት ፊደል፣ በእኛ አራት። በ2016 ያቺኑ ስም በ4 ቢሊዮን ገደማ ሸጧት። በ2025 ኦገስት ደግሞ ፓራማውንት የ7 ዓመቱን የአሜሪካ ስርጭት በ7.7 ቢሊዮን ዶላር ወሰደው፤ ከ2026 ጀምሮም ፔይ ፐር ቪው ቀርቶ ሁሉም በወርሃዊው ክፍያ ውስጥ ይታያል ተባለ።

ዜናው በተሰማ ዕለት ጸሐፊው ደብተሩን ዘጋ። ለሰባት የሚካፈል 79.99 ከሌለ ምን ይዋጣል? ሁሉም በየቤቱ፣ በየሶፋው ቀረ። አንድ ፓስወርድ ለሰባት እናድርገው የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ፓስወርዱን ማን እንደቀየረው ሳይጣራ ፈረሰ።

ጉዱ የታወቀው በኋላ ነው። በስትሪሚንግ የሚመጣ ምስል እየተቆራረጠ ታሽጎ፣ ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው ተላልፎ፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥም ጥቂት ተጠራቅሞ ነው የሚታየው፤ ከእውነተኛው ፍልሚያ ብዙ ሰከንድ ይዘገያል፤ መዘግየቱም ከቤት ቤት ይለያያል። ሰባቱ ሰዎች አንዱን ቡጢ በሰባት የተለያየ ሰዓት ያዩታል። ጋሼ ደግሞ መተግበሪያ አይነኩም። ስምምነቱ አንዳንዱ ፍልሚያ በሲቢኤስም እንዲታይ ይፈቅዳልና፣ ጣሪያቸው ላይ የኖረውን አሮጌ አንቴና አስተካክለው፣ በአየር የሚመጣውን ከሁሉም ቀድመው ያያሉ።

በአንዱ ምሽት ለጸሐፊው ደወሉ።

«አየኸው አወዳደቁን?»

በጸሐፊው ስክሪን ላይ ሁለቱ ሰዎች ገና ጓንት እየተነካኩ ነበር።

«ጋሼ፣ ኧረ በእመቤቴ!»

«ምነው ልጄ፣ እናንተ ጋ ገና ነው?»

በማግስቱ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ፍልሚያ ሳያልቅ የደወለ ወይም በማኅበሩ የስልክ ቡድን የጻፈ መቀጮ አለበት የሚለው ደንብ በስድስት ድምፅ ጸደቀ፤ አንድ ሰው ተቃወሙ። መቀጮው ክትፎ ሆነና፣ ክትፎው የሚበላው አንቴናው ባለበት በጋሼ ቤት እንዲሆን ተወሰነ። እርሳቸውም ተቀበሉ፤ ያስቀመጡት ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነው፤ ፓስወርድ የሚል ቃል የሚያወጣ ሰው በራቸውን እንዳይረግጥ።